ከየትኛው ኪስ? ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደሩትን እንዴት እናወዳድር

ባለፈው እሁድ ዕድራችን ተሰብስቦ ነበር። አጀንዳው ድንኳን መግዛት ነው። የድሮው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፤ ክረምት ላይ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ውጭ ካለው እኩል እንበሰብሳለን። ነገሩ አልቆ ጠላ መቀዳት ሲጀምር አንድ ሰውዬ ተነሳ። ለከተማ ምክር ቤት እወዳደራለሁ እያለ ሲያስወራ የከረመ ነው። መንገዱን አነጠፈ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ውኃ አስገባ፣ ግብር ቀነሰ፣ ሁሉንም በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። ሲቀመጥ አጠገቤ የነበሩት፣ ጉልት ላይ ድንች የሚሸጡት እትዬ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ከየትኛው ኪስ ነው የሚወጣው?" አሉት። "ከመንግሥት ነዋ እትዬ" አለ። "ስትመረጥ መንግሥቱ አንተው አይደለህ እንዴ?" አሉት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። መልስ ግን አልሰጠም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የእትዬ ጥያቄ ነው። ተወዳዳሪ ስናወዳድር ብዙ ጊዜ የምናነጻጽረው የገቡትን ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ የሁሉም አንድ ነው፤ መንገድ አይሠራ፣ ሕፃን አይማር የሚል ተወዳዳሪ አይቼ አላውቅም። አፍ ዳገት አይፈራም። የሚለያዩት ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡትና ለዚያ ሲሉ ምኑን እንደሚተዉት ስትጠይቋቸው ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ የትኛውም የጎጃም ከተማ ብትኖሩ ይሄ ሚዛን ይሠራል።

መቼም ማወዳደሩን አልለመድነውም። በክልሎች የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ ለ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ነበር ምርጫው። 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ፣ ኢሕአዴግ ከጥቂት ወንበር በቀር ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደ። በ2010 መሆን የነበረበት ደግሞ ተላለፈ። በ2005 ገና 17 ዓመቱ የነበረ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ የከተማውን ምክር ቤት አንዴም መርጦ አያውቅም። ስለዚህ ቀኑ ሲቆረጥ ከመሯሯጥ አሁኑኑ ብንለማመድ ይሻላል። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩትም ቢሆኑ ሰፈራችን ሲመጡ የሚያወሩት ስለ ኮብልና ስለ ቦኖ ነው፤ እነሱም ላይ መሞከር ይቻላል።

መጀመሪያ፣ የማን ሥራ ነው?

ተወዳዳሪው መብራት አስገባለሁ ካላችሁ ጠርጥሩት። መብራት የፌዴራል ነው። የከተማ ምክር ቤት አባል ትራንስፎርመር እንዲቀየር ደብዳቤ ሊያጽፍ፣ ሊመላለስ፣ ሊጨቀጭቅ ይችላል፤ አዝዞ ግን አያስቀይርም። ከደጀን በማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልትም የፌዴራል ነው። ዩኒቨርሲቲም፣ ፋይዳ መታወቂያም እንደዚያው። ሆስፒታል የክልል ነው። የተማሪ መጽሐፍ እንኳ እስከ 8ኛ ክፍል የክልሉ፣ ከ9ኛ ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ወይ የሚወዳደርበትን ወንበር አያውቀውም፣ ወይ እናንተ አታውቁትም ብሎ ነው።

ከተማው እጅ ላይ ያለው ሌላው ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ዲች፣ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ ገበያ፣ ቦታና የግንባታ ፈቃድ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤቶች። ይሄ ትንሽ የሚመስለው ሰው አለ። ለእኔ ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ የምረግጠው፣ ልጄን የማስረክበው፣ ወረቀት ፍለጋ የምሰለፍበት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ሌላም አለ። ከንቲባውን በቀጥታ አትመርጡም። የምትመርጡት የምክር ቤት አባል ነው፤ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ነው የሚሰይመው። "ከንቲባ ስሆን" እያለ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ "አባል ብቻ ሆነህ ብትቀርስ?" በሉት። የሚሰጠው መልስ ብዙ ይነግራችኋል። አባል በጀት ያጸድቃል፣ ሪፖርት ይሰማል፣ ኃላፊውን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል። ይሄ ሥራ የማይጥመው ሰው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው።

ኪሶቹ

አንደኛው ኪስ ከክልሉ የሚመጣው ጥቅል በጀት ነው፤ ቢሮዎች ብሎክ ግራንት ይሉታል። ሲያዩት ሰፊ ነው። እጅ ሲሰዱበት ግን አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ይገኛል፤ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው። እንበልና ከ100 ብሩ 80ው ደመወዝ ቢሆን፣ ምክር ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚከራከረው በ20ው ላይ ነው ማለት ነው። ከ20ውም ወረቀቱ፣ ነዳጁ፣ ውሎ አበሉ ይነሳል። "በጀቱን ለትምህርት አዞራለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ ከየትኛው 20 እንደሆነ ጠይቁት።

ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ገቢ ነው። ሊዝ (ከተማው ቦታ ለዓመታት ሲሰጥ የሚያስከፍለው)፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የገበያ ቀረጥ፣ የቄራና የመናኸሪያ ክፍያ፣ የፈቃድና የአገልግሎት ክፍያ። መንገዱም ዲቹም ቆሻሻውም የሚነሳው በዚህ ነው። የዚህ ኪስ ችግር ይሄ ነው፤ ከተማው መሬት በሊዝ ሲሰጥ ይወፍራል፣ መሬት ሲያልቅ ወይም ወሳጅ ሲጠፋ ይከሳል። በሊዝ ገቢ ላይ የዓመት ዓመት ወጪ የሚያቅድ ተወዳዳሪ በሬውን ሸጦ ዘር የሚገዛ ገበሬ ነው።

አንዳንድ ከተሞች በዓለም ባንክ በሚደገፍ የከተሞች ፕሮግራም ገንዘብ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ብዙ ኮብል የተነጠፈው በእሱ ነው። ግን ከተማው የራሱን ድርሻ ካላዋጣና ሥራውን በደንብ ካላሳየ ያ ገንዘብ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሁለተኛው ኪስ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው የኛው ኪስ ነው። መዋጮ። ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ላይ በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅ አለ። ቤትና ቦታ ላይ የሚጣል ነው፤ ለከተሞች ትልቅ ኪስ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ተወዳዳሪዎች ስለ እሱ ማውራት አይወዱም። ለምን እንደማይወዱ ይገባኛል፤ ጎጃም ውስጥ ግብር ቀላል ወሬ አይደለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ ብሎ ተነስቶ፣ ነገሩ ሳይበርድ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታው እስከመነሳት ደርሷል። አያቶቻችን አሁንም ያነሱታል። ቢሆንም ዝም የሚል ተወዳዳሪ አይጠቅመንም። ግብሩ የሰፈሬን ሰው እንዳይጎዳ ይህን አደርጋለሁ፣ የተሰበሰበውን ደግሞ እዚህ ላይ አውላለሁ የሚል ካገኛችሁ በሁለቱም እጃችሁ ያዙት።

አራት ዓይነት ሰው

ስም አልጠራም። የእናንተም ከተማ ውስጥ ግን እነዚህ አራቱ አይጠፉም።

አንዱን የኮብሉ ሰውዬ እለዋለሁ። የሚያወራው ስለሚታይ ነገር ነው፦ መንገድ፣ አደባባይ፣ አዳራሽ፣ ሪባን። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያስጨርስ እሱ ነው፤ ሰው ያውቃል፣ ዞን ድረስ ደውሎ ያስፈጽማል። ደካማ ጎኑ ጥገና ነው። የኛ ሰፈር ኮብል በተነጠፈ በሁለት ዓመቱ የውኃ መስመር ሊያልፍ ነው ተብሎ ተቆፈረ። ድንጋዩ በሁለቱም ዳር ተከመረ። ቧንቧው ገብቶ አፈሩ ተመለሰ፣ ድንጋዩ ግን እንደተከመረ ቀረ። አሁን ልጆች ብይ ይጫወቱበታል፣ አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ የበግ በረቱን አጠረበት፤ እኔም አልፈረድኩበትም። የኮብሉን ሰውዬ መጠየቅ ያለባችሁ "ስንት ኪሎ ሜትር ትሠራለህ?" ሳይሆን "ካለው ላይ ስንቱን ትጠግናለህ? የውኃውና የመንገዱ ሰዎች ሳይቆፍሩ እንዲነጋገሩ የምታደርገውስ እንዴት ነው?" የሚለውን ነው።

ሁለተኛዋ መምህርቷ ናት። ሃያ ዓመት አስተምራለች፣ ከተማው ግማሹ ተማሪዋ ነው። ስለ ትምህርት ስታወራ ትሰማላችሁ፤ ስለ ሊዝ ስትጠየቅ ግን ትንተባተባለች። ይሄ ትልቅ ነውር አይደለም፣ በጀት መማር ይቻላል። ነውሩ ለመማር አለመፈለግ ነው።

ሦስተኛው ነጋዴው ነው። ግብር ይቀንስ፣ ፈቃድ ባንድ ቀን ይሰጥ፣ ቢሮክራሲ ይቅር ይላል። ግማሹን ከልቤ እስማማበታለሁ። ሌላው ግማሽ ላይ ግን ሁለተኛውን ኪስ ራሱ እያፈሰሰው እንደሆነ አያስተውልም። ግብር ቀንሶ ዲች የሚጠርግ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አራተኛው የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ፣ የሽምግልናው ጋሼ ነው። የተጣላ ያስታርቃል፣ ገንዘብ አያጎድልም፣ ሁሉም ያከብረዋል። መፍትሔው ሁሌም አንድ ነው፦ "እናዋጣ።" ችግሩ ይሄው ነው። ለክፍሉ አዋጣን፣ ለአጥሩ አዋጣን፣ ለጥበቃው አዋጣን፣ ለስፖርቱ አዋጣን። የደመወዝ ሰውና የቀን ሠራተኛ እኩል ሲያዋጣ ግብር ከመሆንም የባሰ ነው፤ ግብር እንኳ በገቢ ይለያያል። ጋሼን ስትጠይቁ እንዳትፈሩ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለማዋጣት አቅም የሌለውን ምን ያደርጉታል? የተዋጣውስ ሒሳብ የት ይለጠፋል?" በሏቸው። ጥሩ ጋሼ አይቆጣም።

ትምህርት ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ልዩነታቸው በደንብ የሚወጣው እዚህ ነውና።

ልጄን ለማድረስ ስሄድ አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ገባሁ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ። ጫፍ ላይ ያለው አንድ እግሩ ወለል ላይ ነው፤ እንዳይወድቅ በእግሩ ተደግፎ ነው የሚጽፈው። ቆጠርኳቸው፣ 71 ናቸው። የአገሪቱ ደረጃ ለመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። መምህሩ ከሰሌዳው እስከ በሩ መራመጃ የለውም። የሁሉንም ደብተር ላርም ቢል፣ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ክፍለ ጊዜው አልቆ ሌላውም ከግማሽ ያልፋል።

አሁን አራቱን አስቡ። የኮብሉ ሰውዬ አዲስ ብሎክ እሠራለሁ ይላል። ጥሩ፤ 71ን ለሁለት ከፍሎ 35 እና 36 ያደርገዋል። ግን ሁለተኛው ክፍል መምህር ይፈልጋል። ግንባታ አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው፤ መምህር ግን ጡረታ እስኪወጣ ከአንደኛው ኪስ በየወሩ የሚከፈል ነው። ቀለም የተቀባ፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ባዶ ክፍል አይቼ አውቃለሁ፤ እናንተም አይታችኋል። ስለዚህ ሕንፃ ቃል የገባላችሁን ሁሉ "መምህሩስ?" በሉት፤ መልስ ከሌለው ቃሉን ግማሽ አድርጋችሁ ያዙት።

ጋሼ "ወላጅ አስተባብረን እንሠራዋለን" ይላሉ። ይሄ የሚናቅ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ትምህርት ለትውልድ ብሎ የጀመረው ዘመቻም የቆመው በኅብረተሰብ መዋጮ ላይ ነው፤ ብዙ የጭቃ ክፍሎች በብሎኬት የተተኩት በእንዲህ ያለ ጉልበት ነው። ሆኖም ሀብታም ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ያምራል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው እንደነበረ ይቀራል። ጋሼ ይህን ልዩነት በበጀት እናጠብበዋለን ካሉ በጣም ጥሩ ነው። ካላሉ እዚያ ማዶ ያለውን ልጅ ማን ያስበዋል?

ነጋዴው "የግል ትምህርት ቤት ይስፋፋ" ይላል። መክፈል ለሚችል ሰው ደህና ነው። አልፌዋለሁ።

መምህርቷን ስንጠይቃት ሕንፃ አላለችም። ሦስት ነገር ነው ያለችው። 1ኛና 2ኛ ላይ በአንድ ክፍል የሚታጨቁት ልጆች ቁጥር ይቀነስ፣ ጎበዝ መምህራን ወደ ታች ይውረዱ፤ ማንበብ ሳይችል 4ኛ ለደረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭነት ነው። ሁለተኛ፣ ለሴቶች የሚዘጋ ሽንት ቤትና ውኃ፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶች በወር የሚቀሩበትን ቀን ከስም መጥሪያው ላይ ቆጥራ ነው የመጣችው። ሦስተኛ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ መጽሐፍ ቤቱን መክፈት። ሦስቱም ከሕንፃ በጣም ይረክሳሉ። ሪባን ግን አይቆረጥባቸውም።

ስለ ውጤትም ትንሽ ላንሳ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ይህን ቁጥር እያነሳ "በአንድ ዓመት እቀይረዋለሁ" የሚላችሁን ሰው አትመኑት። 12ኛ ላይ የሚታየው 1ኛ ክፍል ላይ የተዘራው ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት አዝመራ በአንድ ክረምት አይደርስም።

ሁሉንም እኩል የሚያጋጥም ጥያቄ ደግሞ አለ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ከገጠር ሸሽቶ ከተማ ዘመድ ቤት የተጠጋ ልጅም አለ። 13 ዓመት ሞልቶት 4ኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ያፍራል፣ ከዚያ ይቀራል፣ ከዚያ ሊስትሮ ወይም የባጃጅ ረዳት ይሆናል። ለዚህ ልጅ ምን አስባችኋል? በክረምት የማካካሻ ትምህርት? የማታ ፈረቃ? መሸኛ የሌለውን ሳያንገላቱ መመዝገብ? ስለዚህ አንድም ነገር ያላሰበ ተወዳዳሪ፣ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እኔ ዘንድ ወርዷል።

አገልግሎት

ነጋዴው የሚበልጠው እዚህ ነው፤ ማመን አለብኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ለቤት እድሳት ፈቃድ ጠየቅሁ። ፋይልህ ጠፍቷል ተባልኩ። "ነገ ና።" ነገ ሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያ ሄድኩ፣ ሲስተም የለም። እንዲህ እንዲህ ስል ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። በአሥረኛው ልጅቷ ሻይ ልትቀዳ ፔርሙዟን ስታነሳ የኔ ፋይል ከሥሩ ተገኘ። የፔርሙዙ ክብ ማህተም አሁንም አለበት፤ ከቢሮው ማህተም ይልቅ የሚነበበው እሱ ነው። ለመናደድም አቅም አልነበረኝም፣ ሳቅሁ።

ይህን የሚያስተካክል ተወዳዳሪ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የትኛው ጉዳይ በስንት ቀን እንደሚያልቅና ስንት እንደሚከፈልበት በር ላይ ይለጠፍ፣ ያለፈው ቀን ለምን እንዳለፈ ምክር ቤት ላይ ይጠየቅ። ነጋዴው ይህን ያውቀዋል፤ ሲመላለስ ገበያ ያመለጠው እሱ ነውና። የኮብሉ ሰውዬ ግን "ዘመናዊ የአገልግሎት ሕንፃ" ይሠራልናል። ሕንፃው ውስጥም ፔርሙዝ ይገባል።

ውኃ ላይ ሲመጣ ደግሞ አጥብቃችሁ ያዟቸው። የከተማ ውኃ አገልግሎት የሚሠራው ባብዛኛው ከምንከፍለው ሂሳብ ነው፤ የፓምፑ መብራት፣ መለዋወጫው፣ ሠራተኛው ከዚያ ነው። ታሪፍ እቀንሳለሁ፣ ፈረቃውንም ከሳምንት አንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን አመጣለሁ ያለ ሰው ሁለቱን እንዴት እንደሚያገናኝ ያስረዳን። ጋሼ እንኳ "ታሪፉ ትንሽ ይጨመር፣ ቦኖ ላይ የሚቀዳው ድሃ ግን አይነካ" ብለው ነበር፤ ሰው አልወደደላቸውም፣ እኔ ወድጄላቸዋለሁ። መጠየቅ ካለብን ደግሞ የሚባክነውን እንጠይቅ፤ መንገድ ላይ ፈንድቶ ሦስት ቀን ሲፈስ የሚውለው ቧንቧ ጄሪካን ተሸክማ ለምትሄደው ልጅ ምን እንደሚመስላት አስቡት።

ጤና ላይ አንድ ነገር ብቻ። የማኅበረሰብ ጤና መድን መክፈል የማይችሉትን የከተማውና የክልሉ በጀት ይሸፍንላቸዋል ተብሎ ነው የተሠራው። እነማን ስማቸው እንደሚገባ የሚወሰነው ታች ነው። ዝርዝሩ በዝምድና ነው ወይስ በችግር? ተወዳዳሪው ዝርዝሩ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል? ይሄ ብቻ ይበቃል።

ማስረጃ መጠየቅ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰኔ ላይ ቢሮዎች ውስጥ የሚታየውን ግርግር ታውቁታላችሁ፤ "በጀት ሊቃጠል ነው" እየተባለ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ፕሪንተር ይገዛል። እዚያው ከተማ ጠመኔ ያጠረው ክፍል አለ። አሁን ምክር ቤት ውስጥ ያለና እንደገና የሚወዳደር ሰው ካለ ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ ባለፈው ሰኔ ምን ተገዛ? አንተስ ምን አልክ? አዲሱን ደግሞ በጀቱ ሐምሌ ላይ ሰው በሚያነበው አማርኛ ቀበሌው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ታደርጋለህ ወይ በሉት። ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ወረዳዎች ገቢና ወጪያቸውን በሰሌዳ የሚለጥፉበት አሠራር ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ ሰሌዳው አለ፣ ወረቀቱ ነው ያረጀው። እዚያ ላይ ከአራት ዓመት በፊት የነበረ በጀት ተለጥፎ ካያችሁ ፎቶ አንሱትና ስብሰባ ላይ ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄውን ብቻችሁን አትጠይቁ። ዕድር አለ፣ ጽዋ ማኅበር አለ፣ የወላጅና መምህር ኅብረት አለ። ተወዳዳሪ ባዘጋጀው አዳራሽ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰዓት የለም ይባላል፤ ዕድር ላይ ግን ሰዓቱ የኛ ነው፣ ጠላውም የኛ ነው። መልሱን አንድ ሰው ደብተር ላይ ይጻፈው። ከሌላው ጋር የምታወዳድሩት በዚያ ነው እንጂ ማን ሞቅ አድርጎ እንደተናገረ በማስታወስ አይደለም።

እኔን ብትጠይቁኝ

ከእኔ ጋር አለመስማማት ይቻላል። ሰፈራችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚገባበት ከሆነ፣ የኮብሉን ሰውዬ ስለ ዲች አስምላችሁት ምረጡት፤ ሥራ ያስጨርሳል። ሱቅ ወይም ጉልት ላይ የምትኖሩ ከሆነ ነጋዴው ይቀርባችኋል፣ ግብሩን ቀንሶ ቀዳዳውን በምን እንደሚደፍን ግን ያስረዳ። ጋሼን ምክር ቤት ውስጥ ባየው ደስ ይለኛል፤ የሒሳብ ምርመራ ኮሚቴ ውስጥ ግን፣ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ሳይሆን ገንዘብ በሚጠየቅበት። እኔ መምህርቷን ነኝ። ልጄ ከዴስኩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ይሆናል፣ አልደብቅም። እሷም ኪሱን እስክታውቅ ድረስ ግን ሙሉ ድምፅ አልሰጠኋትም፤ ሊዝ ምን እንደሆነ አንብባ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። "ሰጠኸኝ የቤት ሥራ" ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነበር። እትዬ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ያስተካክላሉ፣ ትልልቁን ከላይ፣ ትንንሹን ከታች። ያ ዕድራችን ላይ ቃል ሲገባ የነበረው ተወዳዳሪ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና፣ "እትዬ፣ አስቤበታለሁ። ከገበያው ቀረጥ ግማሹን ለገበያው ሽንት ቤት አደርገዋለሁ" አላቸው።

"ግማሹ ስንት ነው?"

ትንሽ ቆየ። "አጣርቼ እመጣለሁ" አለ።

"በል እሺ" አሉት፣ የቀረጡን ደረሰኝ ከመቀነታቸው ፈትተው እያሳዩት፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ።"